የዘር ሕዋሳት አፈጣጠርና በእናቶች ላይ የሚጣለው ያልተገባ ወቀሳ



በጂንካ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በሌላው የአገራችን ክፍል፣ አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ከጎረቤት የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ወለደች?" የሚል ነው። መልሱ "ወንድ" ከሆነ ደስታው ይደምቃል። "ሴት" ከሆነ ደግሞ "ዋናው ጤና ነው" ይባልና ይታለፋል። ሦስተኛዋም፣ አራተኛዋም ሴት ከሆነች ግን ነገሩ ይለወጣል። "እሷ ወንድ አይሆንላትም" የሚል ሐሜት ይጀመራል፤ ባልየውም ወንድ ልጅ ፍለጋ ሌላ ሚስት ስለ ማግባት ማሰብ ይጀምራል።

በሌላው ቤት ደግሞ የተወለደው ሕፃን በመልኩ ከአባቱ እጅግ የተለየ ይሆናል። ማንም በግልጽ ባይናገርም በሹክሹክታ የእናቲቱ ክብር ይነካል። በሦስተኛው ቤት አእምሮው በዝግታ የሚያድግ ሕፃን ይወለዳል፤ "ምን ሠርታ ይሆን?" ይባልና ሕፃኑ ከእንግዳ ዓይን ተደብቆ ያድጋል።

በእነዚህ ሦስት ቤቶች ውስጥ ተከሳሿ አንድ ናት፤ እናት። ጥያቄዎቹም የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው የሚገኘው ከአንድ ቦታ ነው፤ እርሱም የመራቢያ ሕዋሳት ከሚሠሩበት መንገድ። ይህ መንገድ በሥነ ሕይወት ትምህርት ሚዮሲስ ተብሎ ይጠራል። ተማሪዎቻችን ለፈተና ብለው የሚሸመድዱት፣ ፈተናው ሲያልፍም የሚረሱት ቃል ነው። ነገር ግን ወደ ቤታችን ብናስገባው ብዙ ትዳር ከመፍረስ፣ ብዙ እናት ከመበደል፣ ብዙ ሕፃንም ከመገለል በአላህ ፈቃድ ሊድን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምረን እንመለከታለን።

ሕዋስና ክሮሞዞም

ቤት ከጡብ እንደሚሠራ ሁሉ የሰው አካልም በዓይን በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የተገነባ ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሳት መካከል ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለ። በውስጡም ክሮሞዞም የሚባሉ ክር መሰል ነገሮች ይገኛሉ። የቆዳችን ቀለም፣ የጸጉራችን ዓይነት፣ የደማችን ምድብና ሌላውም ከወላጅ የሚወረስ ነገር መመሪያው የሰፈረው በእነዚህ ክሮች ላይ ነው። እያንዳንዱ መመሪያ ዘረ-መል ይባላል።

የሰው ልጅ ክሮሞዞሞች ቁጥር 46 ነው። ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት 48 ነው ብለው ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ጆ ሂን ቲዮ እና አልበርት ሌቫን የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊድን አገር በጥንቃቄ ቆጥረው ትክክለኛው ቁጥር 46 መሆኑን አሳወቁ። እነዚህ 46 ክሮሞዞሞች ዝም ብለው የተደባለቁ አይደሉም፤ እንደ ጫማ ጥንድ ጥንድ ናቸው። 23 ጥንዶች አሉ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንደኛው ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት የመጣ ነው። አባት ባለጸጋ፣ እናት ድሃ ብትሆን፣ ወይም አባት ከታወቀ ጎሳ፣ እናት ካልታወቀ ብትሆን፣ በዚህ ሚዛን ላይ ሁለቱም የሚያዋጡት 23፣ 23 ነው።

ሚዮሲስ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም። አባት 46፣ እናትም 46 ክሮሞዞም ካላቸው፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ልጁ 92 ሊኖረው አይገባምን? የልጅ ልጅስ 184 አይኖረውምን? በጥቂት ትውልድ ውስጥ ቁጥሩ ሕዋሱን ሞልቶ ያፈነዳው ነበር። እንዲህ እንዳይሆን ጥበበኛው ፈጣሪ የመራቢያ ሕዋሳት ሲሠሩ ቁጥሩ በግማሽ የሚቀነስበትን ሥርዓት አደረገ። ሚዮሲስ የሚለውም ስም የተወሰደው መቀነስ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ስያሜው ወደ ሳይንስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው።

ሰውነታችን ሲያድግ ወይም ቁስል ሲድን የሚካሄደው የሕዋስ ክፍፍል ሚቶሲስ ይባላል። በዚህ ክፍፍል ባለ 46 የሆነው ሕዋስ ሁለት ባለ 46 ሕዋሳትን ያስገኛል፤ ሁለቱም የእናት ሕዋሳቸው ትክክለኛ ቅጂዎች ናቸው። ሚዮሲስ ግን ከዚህ ይለያል። የሚካሄደው በወንድ የዘር ፍሬና በሴት የእንቁላል ማኅደር ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ሂደቱ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ራሱን ይቀዳል። ቀጥሎም ከአባት የመጣው ክሮሞዞም ከእናት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን ይተኛል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ከአካላቸው ቁራሽ ቁራሽ ይለዋወጣሉ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ክፍፍል ይካሄድና ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይሄዳል። ሁለት ሕዋሳት ሲገኙ እያንዳንዳቸው 23 ክሮሞዞም ብቻ ይኖራቸዋል። በመጨረሻም ሁለተኛው ክፍፍል ይካሄድና ቀደም ብሎ የተቀዱት ቅጂዎች ይለያያሉ። አንድ ጊዜ መቅዳት፣ ሁለት ጊዜ መከፈል፤ ውጤቱም እያንዳንዳቸው 23 ክሮሞዞም ያላቸው አራት ሕዋሳት ናቸው።

በወንድ ዘንድ አራቱም የወንድ የዘር ሕዋስ (ስፐርም) ይሆናሉ። በሴት ዘንድ ግን አንዷ ብቻ ስንቁን ሁሉ ጠቅልላ ትልቅ እንቁላል ስትሆን፣ ቀሪዎቹ ትናንሾች ሆነው ይከስማሉ። ለምን ቢባል፣ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመገበው በእንቁላሏ ውስጥ ከተቀመጠው ስንቅ በመሆኑ ነው።

የጊዜውም ልዩነት የሚያስገርም ነው። ወንድ ልጅ ይህን ሥራ የሚጀምረው ለአቅመ አዳም ሲደርስ ሲሆን፣ አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል፤ ሥራውም እስከ እርጅና ይቀጥላል። የሴት ልጅ እንቁላሎች ግን ሚዮሲስን የሚጀምሩት ልጅቷ ራሷ ገና በእናቷ ማኅፀን ውስጥ ሳለች ነው። ከዚያም ሂደቱ መሀል ላይ ቆሞ ለዓመታት ይጠብቃል። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ በየወሩ አንዲት እንቁላል ከቆመችበት ትቀጥላለች፤ ሁለተኛውንም ክፍፍል የምትጨርሰው የወንድ የዘር ሕዋስ ሲገባባት ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን የተገኘንባት እንቁላል ሥራዋ የተጀመረው እናታችን በአያታችን ማኅፀን ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ነው። ሱብሐነላህ!

በጨሌ የሚደረግ ሙከራ

ከላይ የተገለጸው ነገር ለወጣቶች በቃል ብቻ ከሚነገራቸው ይልቅ በዓይናቸው ቢያዩት የተሻለ ይገባቸዋል። ለዚህም ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ ከሚሸጠው፣ የሐመርና የበና እህቶች ከሚያጌጡበት ባለ ቀለም ጨሌ ስድስት ፍሬ መግዛት ይበቃል። ሦስቱ ቀይ፣ ሦስቱ ሰማያዊ ይሁኑ። ከየቀለሙ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ትንሽ ይሁን። ቀዩ ከእናት የመጣ ክሮሞዞም፣ ሰማያዊው ከአባት የመጣ ክሮሞዞም ነው እንበል። እንግዲህ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከትልቆቹ አንድ፣ ከመካከለኞቹ አንድ፣ ከትንንሾቹ አንድ አንሱ። በእጃችሁ የገባው ሦስት ፍሬ አንድ የመራቢያ ሕዋስ ነው።

ደጋግማችሁ ብትሞክሩ 8 የተለያዩ ስብስቦች ሊወጡ እንደሚችሉ ታያላችሁ። ሦስቱም ቀይ፣ ሦስቱም ሰማያዊ፣ ወይም ቀይና ሰማያዊ በተለያየ ቅንጅት። ይህ በሦስት ጥንድ ብቻ ነው። በሰው ዘንድ ያሉት 23 ጥንዶች ግን 8,388,608 ዓይነት ስብስቦችን ሊያስገኙ ይችላሉ። ይህ የአንድ ወላጅ ብቻ ነው። የእናትም በዚያው ልክ በመሆኑ፣ ሁለቱ ሲባዙ ከአንድ ባልና ሚስት ሊገኙ የሚችሉት የተለያዩ ቅንጅቶች ከ70 ትሪሊዮን በላይ ይሆናሉ። ክሮሞዞሞቹ ቁራሽ ሲለዋወጡ የሚፈጠረውን ልዩነት ብንጨምርበት ደግሞ ቁጥሩ ለመናገርም ያዳግታል።

ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም የሚሆኑበት ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህ ሙከራ የምናገኘው ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ጨሌው ሲወጣ ዓይናችን ተጨፍኗል። የትኛው ክሮሞዞም ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ አባት አይመርጥም፤ እናትም አትመርጥም። ባልመረጡት ነገር እንዴት ይወቀሳሉ?

ወንድ ወይስ ሴት?

ከ23ቱ ጥንዶች 22ቱ በወንድና በሴት ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው። 23ኛው ጥንድ ግን ይለያያል። ሴት ሁለት ኤክስ የሚባሉ ክሮሞዞሞች ሲኖሯት፣ ወንድ አንድ ኤክስ እና አንድ ዋይ አለው። እ.ኤ.አ. በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በዱቄት ውስጥ በሚኖር ጥንዚዛ ላይ ባደረገችው ጥናት ጾታ በእነዚህ ክሮሞዞሞች እንደሚወሰን አሳየች።

እንግዲህ በሚዮሲስ ጊዜ ጥንዶቹ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን እንመልከት። የሴቷ ጥንድ ሁለቱም ኤክስ በመሆናቸው እንቁላሏ ሁልጊዜ ኤክስ ትይዛለች። የወንዱ ጥንድ ሲለያይ ግን ግማሾቹ የዘር ሕዋሳት ኤክስ፣ ግማሾቹ ዋይ ይይዛሉ። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከእንቁላሏ ጋር ከተገናኘ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከቀደመ ወንድ ልጅ ይሆናል። ስለዚህ እናት በዚህ ነገር ውስጥ የምትለውጠው ነገር የላትም። "ወንድ አልወለደችም" የሚለው ክስ መቅረብ ቢኖርበት ኖሮ እንኳ ሊቀርብ የሚገባው ለእርሷ አልነበረም።

ይህን ያልተረዳ ባል ወንድ ልጅ ፈልጎ ሌላ ሚስት ሲያገባ፣ ጾታውን የሚለየውን የዘር ሕዋስ ይዞት የሚሄደው እርሱ ራሱ መሆኑን ይረሳል። ደግሞም ወንድ የመወለዱና ሴት የመወለዷ ዕድል በእያንዳንዱ ጊዜ ግማሽ በግማሽ ሊባል የሚችል ነው። አራት ልጆች ካሏቸው 16 ቤተሰቦች መካከል በግምት አንዱ አራቱም ሴቶች የሆኑበት ይሆናል። አራት ሴቶች ከተወለዱ በኋላም የአምስተኛው ዕድል ያው ግማሽ ነው፤ ያለፈው ለሚመጣው ዕዳ አይሆንበትም።

ይህ ማለት ጥፋቱ የአባት ነው ማለት አይደለም። አባትም አልመረጠም። አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ በሱረቱ-ሹራ ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን እንደሚሰጥ፣ የሚሻውንም መካን እንደሚያደርግ ገልጾልናል። በአንቀጹ ሴቶች አስቀድመው መጠቀሳቸውንም ልብ ይሏል። በሱረቱ-ነሕል ደግሞ ሴት ልጅ መወለዷ ሲነገረው ፊቱ የሚጠቁረውን ሰው አውግዟል። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወንዶች ልጆቻቸው ቃሲም፣ ዐብዱላህና ኢብራሂም በሕፃንነታቸው ሞተውባቸው፣ ያደጉላቸው አራት ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ ዘይነብ፣ ሩቀያ፣ ኡሙ ኩልሡምና ፋጢማ። የመካ ሙሽሪኮች በዚህ ምክንያት ዘሩ የተቆረጠ እያሉ ሲሳለቁባቸው ሱረቱል-ከውሠር ወረደች። ዘራቸውም በልጃቸው በፋጢማ በኩል እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በሴት ልጆቹ የሚያፍር ሙስሊም ይህን ታሪክ ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል።

የልጁ መልክ ከአባቱ ሲለይ

በቡኻሪና በሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የተዘገበ አንድ ታላቅ ሐዲስ አለ። ከበኑ ፈዛራ የሆነ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደችለት በጥርጣሬ ነገራቸው። ነቢዩም ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት። አሉኝ አለ። ቀለማቸውንም ሲጠይቁት ቀያዮች መሆናቸውን ነገራቸው። በመካከላቸው አመድማ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁት፤ እንደሚገኝ መለሰ። ያ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት ምናልባት የቀድሞ ዘሩ ስቦት ይሆናል አለ። እርሳቸውም ልጁንም እንዲሁ የቀድሞ ዘሩ ስቦት ሊሆን እንደሚችል አስረዱት። ሰውየውም ልጁን እንዲክድ አልፈቀዱለትም። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ በመነሳት የቀለም ልዩነት ብቻውን ልጅን ለመካድ ምክንያት እንደማይሆን አስተምረዋል።

የዛሬው ትምህርት ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚያብራራው እንመልከት። በአንድ ጥንድ ክሮሞዞም ላይ ለአንድ ባሕርይ ሁለት ዘረ-መሎች አሉ፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዳንዱ ዘረ-መል በአቻው ተሸፍኖ ሳይታይ ይኖራል። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ተደብቆ ሊተላለፍ ይችላል። ሁለቱም ወላጆች የተደበቀ ዘረ-መል ቢኖራቸውና በሚዮሲስ ጊዜ ይኸው በሁለቱም በኩል ቢወጣ፣ በሁለቱም ላይ ያልታየው ባሕርይ በልጁ ላይ ይገለጣል። አልቢኖ ሆኖ የሚወለድ ሕፃን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጠይም ናቸው፤ ሁለቱም ግን የተደበቀውን ዘረ-መል ተሸክመዋል። እንዲህ ባለ ቤት በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ እጅ ዕድል አለ። እናትም አልበደለች፤ ሕፃኑም የእርግማን ምልክት አይደለም። ቆዳውንና ዓይኑን ከፀሐይ መከላከል ግን ያስፈልገዋል፤ በተለይ እንደ ኦሞ ሸለቆ ባለ ቆላ አገር።

ንጹሕ ሴትን ያለ ምስክር በዝሙት መጠርጠርና ማማት በሱረቱ-ኑር ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ የታወቀ ነው። ስለ ሕፃን መልክ በቡና ላይ የሚወራ ቀልድም ከዚህ ወንጀል ደጃፍ የራቀ አይደለም።

በቅሎ ለምን አትወልድም?

የክሮሞዞም ስብስብ በጥንድ መሆኑ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለመረዳት ከበቅሎ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። "በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" ይባላል። አላህ በሱረቱ-ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን በአንድነት ለመጓጓዣና ለጌጥ የተፈጠሩ መሆናቸውን ጠቅሷል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ዱልዱል የምትባል በቅሎ ነበረቻቸው።

ፈረስ 64 ክሮሞዞም፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው። በሚዮሲስ ሲከፈሉ ፈረሷ 32፣ አህያው 31 ይሰጣሉ። ሲደመር 63 ይሆናል። ይህ ጎዶሎ ቁጥር ነው። በቅሎዋ ጠንካራ፣ ብልህና ዕድሜዋም ረዥም ነው፤ ሕዋሶቿ በሚቶሲስ ሲከፈሉ ችግር የለባቸውም። የመራቢያ ሕዋስ ልትሠራ ስትል ግን ክሮሞዞሞቹ አቻቸውን ፈልገው በትክክል ሊጣመሩ አይችሉም፤ ሚዮሲስም ይሰናከላል። እጅግ አልፎ አልፎ ከሚያጋጥም በስተቀር በቅሎ የማትወልደው በዚህ ምክንያት ነው።

በዕፅዋትም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር እናያለን። የምንበላው ሙዝ በአብዛኛው በጥንድ ፈንታ ሦስት ሦስት ሆነው የተቀመጡ 33 ክሮሞዞሞች አሉት። ሦስት ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ፍሬ የሌለው ሙዝ ይሆናል፤ የሚተከለውም በቁጥቋጡ ነው። በአሪ ደጋ በየጓሮው የሚታየው እንሰት የሙዝ ዘመድ ቢሆንም ክሮሞዞሞቹ 18፣ ማለትም 9 ጥንድ ናቸው። ገበሬው ከሥሩ ቢያባዛውም እንሰቱ እንዲያብብ ቢተው ፍሬ መስጠት ይችላል። ቡናችን ደግሞ 44 ክሮሞዞም ሲኖረው፣ የተገኘው ባለ 22 ከሆኑ ሁለት የቡና ዝርያዎች መዳቀል ነው። የሁለቱም ሙሉ ስብስብ እጥፍ ሆኖ ስለተቀመጠ እያንዳንዱ ክሮሞዞም አቻ አለው፤ ስለዚህም ቡናው ያፈራል።

ቁጥሩ ሲዛባ

በሰውም ዘንድ አንዳንድ ጊዜ ሚዮሲስ ይሳሳታል። መለያየት የነበረባቸው ሁለት ክሮሞዞሞች ተጣብቀው ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ አንዱ የመራቢያ ሕዋስ 24፣ ሌላው 22 ይይዛል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ጽንስ አይጸናም። ከውርጃዎች መካከል በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚያጋጥሙት ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጽንስ የወረደባትን እናት "ምን ተሸክማ ነው? ምን በልታ ነው?" እያሉ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

ከሚጸኑት መካከል በይበልጥ የታወቀው 21ኛው ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ ሦስት ሲሆን የሚፈጠረው ዳውን ሲንድረም ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1866 ምልክቶቹን ከገለጸው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን የተወሰደ ሲሆን፣ መንስኤው ትርፍ ክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ልጆቹ የክሮሞዞማቸው ቁጥር 47 ነው። ፊታቸው ሰፋ ያለ፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ያዘመመ፣ ጡንቻቸው ለስላሳ ይሆናል። ለመናገርና ለመራመድ ይዘገያሉ፤ ግን ይናገራሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይማራሉም። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየዓመቱ መጋቢት 12 ቀን የዳውን ሲንድረም ቀን ተብሎ እንዲታሰብ አድርጓል። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የሦስተኛው ወር 21ኛ ቀን ነው፤ ሦስት ጊዜ የተገኘውን 21ኛውን ክሮሞዞም ለማስታወስ የተመረጠ ነው።

የእናት ዕድሜ ሲጨምር ይህ የሚያጋጥምበት መጠን ይጨምራል። በ20 ዓመት አካባቢ ላለች እናት ከ1,000 በላይ ከሆኑ ወሊዶች አንድ ሲሆን፣ በ40 ዓመት አካባቢ ግን ከ100 አንድ ይደርሳል። ምክንያቱም ከላይ እንዳየነው እንቁላሏ ሚዮሲስን ጀምራ ለ40 ዓመታት ያህል ስትጠብቅ ኖራለች። ሆኖም ወጣት እናቶችም ይህ ሊያጋጥማቸው ይችላል፤ ትርፉ ክሮሞዞም ከአባት የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩ የዕድሜና የሕዋስ ጉዳይ እንጂ የኃጢአት ውጤት፣ የቡዳ ወይም የጂን ሥራ አይደለም።

የጎረቤቶቻችን ታሪክ

በደቡብ ኦሞ ስለ ሕፃናት ስንነጋገር ሚንጊ የሚባለውን ልማድ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በካራ፣ በሐመርና በበና ማኅበረሰቦች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ሕይወቱንም ያጣ ነበር። ላሌ ላቡኮ የተባለ የካራ ተወላጅ ይህ እንዲቀር ሽማግሌዎችን ሲያግባባ፣ የዳኑ ሕፃናትንም በጂንካ ከተማ ሲያሳድግ ቆይቶ፣ በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊን በይፋ አስቀሩ። አባቶች የወረሱትን ልማድ ለሕፃናት ሲሉ መተው የቻሉ ሰዎች ናቸውና ሊመሰገኑ ይገባል።

መንታም ቢሆን ምስጢሩ እዚሁ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። በአንድ ወር ሁለት እንቁላሎች ወጥተው እያንዳንዳቸው ከአንድ የዘር ሕዋስ ጋር ሲገናኙ የማይመሳሰሉ መንቶች ይወለዳሉ፤ እነዚህ እንደማንኛውም ወንድምና እህት ናቸው፤ ልዩነታቸው በአንድ ጊዜ መወለዳቸው ብቻ ነው። አንዲት የጸነሰች እንቁላል ለሁለት ስትከፈል ደግሞ ተመሳሳይ መንቶች ይገኛሉ።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ስንሰማ "እነርሱ እንዲህ ያደርጋሉ" ብለን ራሳችንን ከፍ ማድረግ የለብንም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ሴት ልጆቻቸውን ከነሕይወታቸው ይቀብሩ ነበር፤ ሱረቱ-ተክዊር ያች የተቀበረች ልጅ በምን ወንጀል እንደተገደለች በፍርድ ቀን እንደምትጠየቅ ነግሮናል። ዛሬ በመካከላችን ሕፃን የሚቀብር የለም። ነገር ግን ሕፃን በጓዳ የሚደብቅ፣ ሴት ልጅ ስለወለደች ሚስቱን የሚያኮርፍ፣ ስለ ልጁ መልክ የሚያማ አልጠፋም።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ አባት ሴት ልጁ ስትወለድ እንደ ወንዱ ሁሉ ደስታውን ይግለጽ፤ ዐቂቃዋን ያውጣላት። ሴት ልጆቹን በመልካም ያሳደገ ሰው ከእሳት ግርዶሽ እንደሚሆኑለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብስረዋል። ሁለተኛ፣ አማቶች የልጃቸውን ሚስት በማትወስነው ነገር ከመውቀስ ይቆጠቡ፤ የአማት አንደበት ብዙ ትዳር እንደሚያፈርስ የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሕፃን የተወለደበት ቤተሰብ ልጁን ወደ ጤና ተቋም ይውሰደው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ስለሚኖርባቸው በጊዜ መታየት ሕይወት ያድናል። መስማትና ማየቱም ይመርመር። ወደ መስጂድ፣ ወደ ቁርኣን ትምህርት ቤትና ወደ ቀለም ትምህርት ቤትም ይምጣ፤ ኡስታዞችና መምህራንም በትዕግሥት ይቀበሉት። አራተኛ፣ ወጣቶች ሚዮሲስን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ነገ ለሚመሠርቱት ቤት ብለው ይማሩት፤ ያወቁትንም ለወላጆቻቸው በትሕትና ያስረዱ።

አንዳንድ ሰዎች ሳይንስን መማር እምነትን ያዳክማል ብለው ይሰጋሉ። ከላይ ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው። ቁርኣን በሱረቱል-ኢንሳን ሰው ከተቀላቀለ ጠብታ መፈጠሩን ያስታውሰናል። ያን ጠብታ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው እያንዳንዱ ልጅ ከትሪሊዮን ቅንጅቶች መካከል አንዱ ሆኖ ወደ ቤታችን እንደመጣ ይረዳል። እኛ ዕድል የምንለው በአላህ ዘንድ በልክ የተወሰነ ነው። ከአላህ የመጣን ስጦታ ደግሞ ወንድም ይሁን ሴት፣ ቀይም ይሁን ጥቁር፣ 46ም ይሁን 47 ክሮሞዞም ያለው፣ በምስጋና መቀበል እንጂ አምጥታ የሰጠችንን እናት መክሰስ አይገባም።

አላህ ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።